ለተሰናባች የዓለም አቀፍ ድርጅት መሪ የምስጋና ንግግር እንዴት ይጻፋል?

አዲሷ አርቃቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የምሠራው በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ዘንድ አገሬን በሚወክል ቋሚ መልዕክተኛ ቢሮ ውስጥ ነው። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ሁለት የሥራ ዘመን ጨርሰው ሊሰናበቱ ነው። በመጨረሻው ጉባኤ ላይ እያንዳንዱ የአገሮች ቡድን የምስጋና ንግግር ያቀርባል። በዚህ ወር ቡድናችንን የምንመራው እኛ ስለሆንን በሁሉም ስም የሚናገሩት አምባሳደሬ ናቸው። ንግግሩን እንድጽፍ የታዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የተሰጠን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው።

ከማኅደር ውስጥ የቀድሞ ሽኝቶችን ንግግር አውጥቼ አነበብኩ። ስሙን ብቻ ቀይራችሁ ለማንም ብታነቡት ያስኬዳል። "በሳል አመራር"፣ "የማይናወጥ ቁርጠኝነት"፣ "አርአያነት ያለው አገልግሎት"። ማሳረጊያው ሁሌም "በቀጣይ ሕይወትዎ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን" ነው። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አልፈልግም። እኚህ ሰው የምር የሠሩት ሥራ አለ።

አንዱን ልንገራችሁ። ከእሳቸው በፊት የስብሰባ ሰነድ የሚደርሰን ስብሰባው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ትልቅ ቢሮ ያላቸው አገሮች ሰው መድበው ሌሊቱን ያነቡታል። ሁለት ሰው ብቻ ያለው ቢሮ ግን ያን ሁሉ ገጽ አንብቦ፣ ከአገር ቤት መመሪያ ጠይቆ፣ በማግሥቱ አቋም ይዞ መግባት አይችልም። ስለዚህ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዋና ጸሐፊው ሰነዱ ከሳምንታት በፊት ካልተሰራጨ አጀንዳው አይያዝም አሉ። ብዙ ጫና መጣባቸው። ፍንክች አላሉም። ዛሬ ትንንሾቹ አገሮች ተዘጋጅተው ነው የሚናገሩት።

የከበደኝ ሌላው ነገር ነው። በአራተኛ ዓመታቸው ድርጅቱ ለአንድ አደጋ ዘግይቶ ደረሰ። ሰው ተጎዳ። ከተጎዱት አገሮች አንዷ የቡድናችን አባል ናት። ይህን ዘልዬ ላመስግን ወይስ ላንሳው? ዘልዬው ባልፍ የዚያች አገር ልዑክ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ምን ይሰማታል? ባነሳው ደግሞ የሽኝቱን ቀን ላበላሽ ነው?

የሠራችሁበት፣ ያያችሁ፣ የምታውቁ ብትመክሩኝ።


ፕሮቶኮል ክፍል፦

ስለ ይዘቱ ሌሎች ይንገሩሽ። እኔ መጀመሪያ የሚጣሩትን ልበል።

ጽሕፈት ቤቱን ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ለተሰናባቹ የምስጋና ውሳኔ ሐሳብ ይጸድቃል ወይ? የሚጸድቅ ከሆነ ረቂቁን ቀድመሽ አግኚው። አምባሳደርሽ ከደቂቃዎች በፊት በጭብጨባ የጸደቀውን ቃል መልሰው እንዳያነቡት። ሁለተኛ፣ ተተኪው በዚያው ዕለት ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ ወይ? የሚፈጽሙ ከሆነ ለእሳቸውም አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ከአንድ አይበልጥ። ቀኑ የተሰናባቹ ነው።

በተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 የሆነው እንዲህ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ለተሰናባቹ ዋና ጸሐፊ ለባን ኪ ሙን የምስጋና ውሳኔውን በጭብጨባ አጸደቀ። የየአካባቢው ቡድኖች ተወካዮችና አስተናጋጇ አገር አሜሪካ ተናገሩ። በዚያው ዕለት ተተኪያቸው አንቶኒዮ ጉቴሬዝ በጉባኤው ፕሬዚዳንት በፒተር ቶምሰን ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ያንቺም ድርጅት ተመሳሳይ ሥርዓት ሊኖረው ይችላል። የተናጋሪዎቹን ቅደም ተከተል አስቀድመሽ እወቂ። አራተኛ ሆኖ የሚናገር ሰው የመጀመሪያውን ሰው ንግግር መድገም የለበትም።


ጡረታ የወጣሁ የልዑክ ጸሐፊ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። አብዛኛው ሰው ይህን ሥራ ሲሰጡት ያለፈውን ዓመት ወረቀት ቀድቶ ስም ይቀይራል። አንቺ ግን ስለ ሰውየው አስበሻል። ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ንግግር ስጽፍ ነው የኖርኩት። ብዙ ሽኝትም አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ሙገሳው ሲደረደር ተሰናባቹ አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ያያል። አንድ የሠራው ሥራ በስሙ ሲጠራ ግን ቀና ይላል። ከኋላ የተቀመጡት ሠራተኞቹም እርስ በርስ ይተያያሉ። ያንን ሥራ አብረው የሠሩት እነሱ ናቸውና። ንግግርሽ ውስጥ ያ ቅጽበት አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በቂ ነው።

ስለዚህ አንድ ሥራ ምረጪ። ስትመርጪ ራስሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ነገር ይሆን ነበር? ይሆን ነበር ካልሽ ተዪው። የድርጅቱ ሥራ ነው እንጂ የእሳቸው አይደለም።

ምሳሌ ልስጥሽ። ሳዳኮ ኦጋታ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ገና ወንበሩን ሳይለምዱት በሰሜን ኢራቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኩርዶች ወደ ቱርክ ድንበር ሸሹ። ቱርክ ድንበሯን ዘጋች። ሰዉ በብርድ ተራራ ላይ ቀረ። የድርጅቱ ደንብ ደግሞ ስደተኛ የሚለው ድንበር የተሻገረውን ነው። እነዚህ አልተሻገሩም። አይመለከተንም ማለት ይቻል ነበር፤ በደንቡ የሚሟገትም አልጠፋም። ኦጋታ ግን ባሉበት እንርዳቸው ብለው ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ በገዛ አገራቸው ውስጥ ለተፈናቀሉ ሰዎች የሚሰጠው እርዳታ እየሰፋ ሄደ። ይህን የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ለኦጋታ ንግግር የሚጽፍ ሰው ከዚህ ውጪ ምን ይፈልጋል?

ሌላም ልጨምር። ጄምስ ግራንት ዩኒሴፍን ከ1980 እስከ 1995 መርተዋል። ኪሳቸው ውስጥ ኦአርኤስ የምንለውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት ይዘው ይዞሩ ነበር። ከአገር መሪ ጋር ሲቀመጡ ከኪሳቸው አውጥተው ያሳያሉ። ይህቺ ትንሽ ነገር በተቅማጥ የሚሞት ልጅ ታድናለች፣ አገርዎ ውስጥ ስንቱ እናት አላት? ብለው ይጠይቃሉ። በ1985 ደግሞ በኤል ሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነት መካከል መንግሥትና አማፂዎቹ ሕፃናት እስኪከተቡ ተኩስ እንዲያቆሙ ካደረጉት አንዱ እሳቸው ናቸው። እኔ ስለ ግራንት ብጽፍ ከፓኬቷ ነበር የምጀምረው። "ለሕፃናት ደኅንነት ያላቸው ጽኑ ቁርጠኝነት" የሚለውን ማንም ሰምቶ ይረሳዋል። ፓኬቷን ግን አይረሳም።

ያንቺ ሰው ፓኬት ያ የሰነድ ደንብ ነው። ከእሱ ጀምሪ። ከሰላምታው ቀጥሎ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እሱ ይሁን። እዚህ ላይ የጻፍሽው አንቀጽ ራሱ እኮ ንግግሩ ነው። "ሁለት ሰው ብቻ ያለው ቢሮ" ያልሽውን እንዳታወጪው። የቡድናችሁ ግማሽ አባላት ራሳቸውን እዚያ ውስጥ ያገኙታል።

ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። ያልሠሩትን አትስጪያቸው። መሪ ሲሰናበት በእሱ ዘመን የሆነው ሁሉ የእሱ ይደረጋል። የፓሪሱን የአየር ንብረት ስምምነት ውሰጂ። በታኅሣሥ 2015 የተስማሙት አገሮች ናቸው። ለዓመታት የተደራደሩት የእነሱ ሰዎች ናቸው። ባን ኪ ሙን ስምምነቱን "አመጡ" የሚል ንግግር ተደራዳሪዎቹን ያስቀይማል። ነገር ግን ከ2007 ጀምሮ መሪዎቹን ሲጎተጉቱ እንደነበሩ እውነት ነው። ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ኒው ዮርክ ላይ በጠሩት ሥነ ሥርዓት በአንድ ቀን 175 ወገኖች ፈርመዋል። ስምምነቱም ዓመት ሳይሞላው፣ ኅዳር 4 ቀን 2016፣ ሥራ ላይ ውሏል። ይህን ብትዪ ማንም አይከራከርሽም፤ ምስጋናውም አይቀንስም። የግሮ ሃርሌም ብሩንትላንድም እንዲሁ ነው። የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነቱ የጸደቀው ግንቦት 21 ቀን 2003 ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት ሊሰናበቱ ሁለት ወር ነበር የቀራቸው። የፈረሙትና ያጸደቁት መንግሥታት ናቸው። ነገር ግን የትምባሆን ጉዳይ ከመጀመሪያው ዓመታቸው ጀምረው ከፊት አስቀምጠውታል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። አደጋው ይነሳ ወይስ ይታለፍ?

እኔ ይነሳ ባይ ነኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ግን በክስ መልክ አይደለም።

ባን ኪ ሙን ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆመው የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ ጠይቀዋል። በ2010 የገባው ኮሌራ ብዙ ሺህ ሰው ገድሏል። ምንጩ የሰላም አስከባሪዎች ካምፕ መሆኑ ሲነገር ድርጅቱ ለዓመታት አላምንም ብሎ ነበር። ባን በዚያ ቀን በሽታው ሲገባና ሲዛመት በቂ ነገር አላደረግንም፣ ለነበረን ድርሻ ከልብ እናዝናለን አሉ። ከይቅርታው የተወሰነውን በሄይቲ ክሪዮል ነው የተናገሩት። ከ11 ቀን በኋላ ያው ጉባኤ አመሰገናቸው። ይቅርታው ምስጋናውን አላበላሸውም። እንዲያውም ያ ይቅርታ ባይኖር ምስጋናው አንድ የጎደለው ነገር ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ። ይቅርታው ዘግይቷል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ሳይባል ከሚቀር ተብሏል።

ከባን በፊት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናንም መስከረም 19 ቀን 2006 ለጠቅላላ ጉባኤው የመጨረሻ ንግግራቸውን ሲያደርጉ ሁሉ ተሳክቷል አላሉም። አብረን ትልልቅ ድንጋይ ተራራው ጫፍ አድርሰናል፣ ሌሎቹ ግን ከእጃችን አምልጠው ተንከባለው ወርደዋል የሚል ሐሳብ ነው የተናገሩት። ተሰናባቹ ራሱ እንዲህ ካለ አመስጋኙ ምን ያስፈራዋል?

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አጣሪ። ዋና ጸሐፊው ስለዚያ አደጋ በይፋ የተናገሩት ነገር አለ? ካለ የራሳቸውን ቃል ጥቀሺ። የራሱ ቃል ሲጠቀስ ማንም አይከፋውም። ከሌለ ደግሞ የተጎዱትን ሰዎች አስቢያቸው እንጂ ጥፋተኛ አትፈልጊ።

በመጨረሻም ሠራተኞቹን አመስግኚ። በየቢሮው ያሉትን፣ በየመስኩ የሞቱትን። የአናን ዘመን ሲነሳ ነሐሴ 19 ቀን 2003 ባግዳድ ውስጥ በኢራቅ ልዩ ተወካያቸው ከነበሩት ከሰርጂዮ ቪዬራ ደ ሜሎ ጋር የተገደሉት ባልደረቦች ካልተነሱ ንግግሩ ሙሉ አይሆንም። ያንቺም ድርጅት በእነዚህ ዓመታት ያጣቸው ሰዎች ካሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባቸዋል።


የቡድን አስተባባሪ ነበርኩ፦

ከላይ የተባለውን ብዙውን እቀበላለሁ። በአንዱ ግን አልስማማም።

ይህ የአገር ንግግር አይደለም። የቡድን ነው። በቡድን ስም የሚነበብ ጽሑፍ እያንዳንዱ አባል ሊስማማበት ይገባል። አንድ አባል ብቻ "ይህ ዓረፍተ ነገር ይውጣ" ካለ ይወጣል። እኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አደጋውን የሚያነሳ ዓረፍተ ነገር ስታስገቢ ክርክሩ እሱ ላይ ይሆናል። ቀኑ ይደርሳል። ከዚያ ሁሉም ስለደከመው ጽሑፉ በሙሉ ወደ "በሳል አመራር" ይመለሳል። ያን ጊዜ የሰነዱንም ደንብ ታጪዋለሽ።

ደግሞ ፍርድ የራሱ ቦታ አለው። የኦዲት ሪፖርት አለ። የበጀት ክርክር አለ። የተጎዳችው አገር በራሷ ስም የምትናገርበት ዕድል አላት። እ.ኤ.አ. በ1996 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ለሁለተኛ ዘመን ሲቀርቡ የጸጥታው ምክር ቤት 14 አባላት ደገፏቸው። አሜሪካ ብቻዋን ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ከለከለች። ያ ክርክር መራራ ነበር። ግን የተካሄደው ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ ነው። ሽኝት ላይ አንድ ሰው አገልግሎቱን ጨርሶ ነው የሚሄደው። መልስ የመስጠት ዕድል እንኳን የለውም። እኔ ከመልካም ሥራው አንዱን በደንብ ተናግሮ ማብቃት ይሻላል እላለሁ።


አዲሷ አርቃቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የኦጋታንና የግራንትን ታሪክ ለአምባሳደሬ አነበብኩላቸው። የሰነዱ ደንብ መጀመሪያ ይግባ በሚለው ወዲያው ተስማሙ።

ያሉትን አጣራሁ። ዋና ጸሐፊው ስለ አደጋው ተናግረዋል። በማግሥቱ ዓመት በዓመታዊ ሪፖርታቸው መግቢያ ላይ "መድረስ በነበረብን ጊዜ አልደረስንም" ብለው ጽፈዋል። ከዚያም የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሉን አሠራር ቀይረዋል። ከዚያ በፊት የመስክ ቢሮ ሰው ለመላክ ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። አሁን የመስክ ኃላፊው ራሱ ይወስናል።

የአስተባባሪው ስጋትም ግን ገብቶኛል። ቡድናችን ውስጥ ነገር የሚያጠብቁ አባላት አሉ። ሁለቱን እንዴት ላስታርቅ?


ጡረታ የወጣሁ የልዑክ ጸሐፊ፦

የአስተባባሪው ስጋት እውነተኛ ነው። እኔም በቡድን ጽሑፍ ተፈትኛለሁ። ግን አሁን ያመጣሽው ነገር ጉዳዩን ቀይሮታል።

"መድረስ በነበረብን ጊዜ አልደረስንም።" ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው። በራሳቸው ፊርማ በወጣ ሪፖርት ውስጥ። ከዚያ ደግሞ አሠራሩን ቀየሩ። እህቴ፣ ይህ ጥፋት አይደለም ሽኝቱ ላይ የምታነሺው። ሌላ ትልቅ ሥራቸው ነው። ስንት መሪ ነው በሥልጣን ላይ እያለ እንዲህ ብሎ የሚጽፈው? ስንቱስ ነው ጽፎ የሚያስተካክለው? ሥልጣኑን ከራሱ ቢሮ አውጥቶ ለመስክ ኃላፊ መስጠትም ቀላል ነገር አይደለም። የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ያንን አይወድም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ቃሉን ጥቀሺ፣ ለውጡን ተናገሪ፣ እለፊ። የራስሽን ቅጽል አታክዪበት። "በድፍረት አመኑ" ምናምን አትበዪ። ቃሉ ራሱ ይበቃል። "ይውጣ" የሚል አባል ቢመጣ "የእሳቸው ቃል ነው፣ ሪፖርቱን ጉባኤው ተቀብሎታል" ትዪዋለሽ። አባሉ የሚከራከረው ከዋና ጸሐፊው ጋር ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ረቂቁን ለዚያች አገር ልዑክ ብቻዋን አሳዪያት። ለቡድኑ ከማሰራጨትሽ በፊት። በኢሜይል አይደለም። ሄደሽ፣ ቁጭ ብለሽ። የሞተባት እሷ ናት። እሷ "ይህ በቂ ነው" ካለች ሌላው አባል ከእሷ በላይ ሆኖ አይናገርም። እሷ "አይሆንም" ካለች ደግሞ አይሆንም። ያኔ አስተባባሪው እንዳለው አንዱን መልካም ሥራ ብቻ ተናግረሽ ትዘጊዋለሽ።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር። ሥራውን እንደ ዕድል ወይም እንደ ክብር ብቻ አታቅርቢው። በ1953 ትሪግቬ ሊ የተባበሩት መንግሥታትን የዋና ጸሐፊነት ወንበር ለዳግ ሐመርሾልድ ሊያስረክቡ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበሏቸው በምድር ላይ ካለው ሥራ ሁሉ ወደማይቻለው እንኳን ደህና መጡ ነው ያሏቸው። ሐመርሾልድ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 18 ቀን 1961፣ ለኮንጎ ሰላም ሲንቀሳቀሱ በዛሬዋ ዛምቢያ ንዶላ አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። እነዚህ ወንበሮች ከባድ ናቸው። ሰውየው ከብዷቸው እንደነበር የሚያውቅ ሰው እንዳለ ይስሙ። እንደዚያ ያለ ነገር ለወግ ብቻ በሚነበብ ንግግር ውስጥ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ሰው ያስታውሰዋል።


ዳስ ውስጥ የምቀመጥ፦

እኔ የጉባኤ አስተርጓሚ ነኝ። ሁሌም ሰው የሚረሳን ስለሆንን ስለኛም ልናገር።

ሦስት ደቂቃ ሲባል ሰዉ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ጽሑፍ ይጽፍና በሩጫ ያነበዋል። ሽኝት ላይ ይህ በጣም ያሳዝናል። ተናጋሪው ሲሮጥ እኛ የምናስተላልፈው ቁጥርና ስም ብቻ ይሆናል። ስሜቱ ይቀራል። ከአዳራሹ ውስጥ ብዙው ሰው፣ ምናልባትም ተሰናባቹ ራሳቸው፣ የሚሰሙት የኛን ድምፅ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ለሁለት ደቂቃ ተኩል ጻፊው። የቀረው ግማሽ ደቂቃ የዝምታ ነው። አምባሳደርሽ የሪፖርቱን ቃል ከጠቀሱ በኋላ ትንሽ ይቁሙ።

ጽሑፉን አስቀድማችሁ ላኩልን። ሲያነቡ የሚለወጥ ነገር ካለ ግን ንገሩን። የተላከው ወረቀት ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ ሲሆን እንቸገራለን።

ሌላው፣ የሞቱ ሠራተኞች ስም የሚነበብ ከሆነ አጠራሩን ከቤተሰብ ወይም ከባልደረባ አጣሪ። ስም የተሳሳተበት ቤተሰብ ሌላውን ንግግር አይሰማውም።


አዲሷ አርቃቂ፦

የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨረስኩ። ዋናውን ክፍል እዚህ ላስቀምጥ፣ አርሙኝ።

"ክቡር ዋና ጸሐፊ፣ ከቡድናችን አባላት ብዙዎቹ በዚህ ድርጅት ያላቸው ቢሮ ሁለት ሰው ብቻ የሚሠራበት ነው። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ሰነዱ ለስብሰባው አንድ ቀን ሲቀረው ይደርሰን ነበር። ሳናነበው እንገባለን። ሳንናገር እንወጣለን። እርስዎ ሰነዱ በጊዜው ካልደረሰ አጀንዳው አይያዝም አሉ። ጫናው ቀላል እንዳልነበረ እናውቃለን። ዛሬ አባሎቻችን አንብበው ይገባሉ፣ አቋማቸውን ይናገራሉ። ለዚህ እናመሰግንዎታለን።

በአራተኛው ዓመትዎ ሕዝባችን ላይ የደረሰውን አንረሳውም። በሪፖርትዎ 'መድረስ በነበረብን ጊዜ አልደረስንም' ብለው ጻፉ። ከዚያም ውሳኔው አደጋው ካለበት ቦታ እንዲሰጥ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የመስክ ባልደረቦችዎ ፈቃድ ሳይጠብቁ ሲደርሱ አይተናል። ለእነሱም ምስጋናችን ይድረስ።"


ጡረታ የወጣሁ የልዑክ ጸሐፊ፦

በጣም ጥሩ ነው። ሁለት ቦታ ብቻ።

"ጫናው ቀላል እንዳልነበረ እናውቃለን" የሚለውን አቆዪው፤ እሳቸው የሚሰሙት እሱን ነው። "ዛሬ አባሎቻችን አንብበው ይገባሉ" ላይ ደግሞ አንድ እውነተኛ ውጤት ጨምሪ። ከትንንሾቹ አገሮች አንዷ ያቀረበችው ማሻሻያ ጸድቆ ያውቃል? ካለ የትኛው እንደሆነ በአጭሩ ጥቀሺው። የሰነዱ ደንብ ምን እንዳመጣ አዳራሹ በጆሮው ይሰማ።

"ሕዝባችን" ያልሽውን ለዚያች አገር ልዑክ ስታሳዪያት ጠይቂያት። ቡድኑ በሙሉ "ሕዝባችን" ሲል ደስ ሊላት ይችላል። የአገሯ ስም እንዲጠራም ልትፈልግ ትችላለች። ያንን የምትወስነው እሷ ናት።


አዲሷ አርቃቂ፦

አሳየኋት። ጸጥ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የአገሯ ስም እንዲጠራ ፈለገች። ሌላ ምንም አልቀየረችም። "ይህ ክፍል በቡድኑ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ከተነሳበት እኔ እመልሳለሁ" አለችኝ።

ማሻሻያም አገኘሁ። ካለፈው ዓመት በፊት ከትንንሾቹ ደሴት አገሮች አንዷ ያቀረበችው የበጀት አንቀጽ ጸድቋል። የአገሪቱን ቢሮ ደውዬ አረጋገጥኩ፤ ሰነዱን ለማጥናት ሦስት ሳምንት አግኝተው ነበር። እሱን አስገባሁት።

ነገ ለቡድኑ ይሰራጫል። ለአስተርጓሚዎቹም ዛሬ ማታ ልኬላቸዋለሁ። አምባሳደሬ ጮክ ብለው ሲያነቡት ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ፈጀ። የሰላምታውን ክፍል ትንሽ አሳጥራለሁ።